ሦስት ካልሲ

ሐሙስ ማታ፣ ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ፤
የበረሃው ነፋስ ገና ተሰናብቶ ያልሄደ እንግዳ።
ሦስት ጠርሙስ ካልሲ አጥልቀው ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል፤
ካልሲው የጀንበሩ ነው፣ የሚሉዊም፤ ታጥቧል አለን፣ አምነነዋል።
በፕላስተር ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ጽፈን ለጥፈናል፤
ስም፣ አገር፣ ዕድሜ፣ ዋጋ፣ ሁሉም ከነኩራቱ ተሸፍኗል።

አራት ነን፤ መዋጮው ለሰው መቶ ሰባ ሸቅል ነበር፤
አምስት ተርፋ በረዶ ገዛን፤ ታክለ ግን «በረዶ ነውር!»
ታክለ ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው፤ ዛሬ ግን መምህር ነው፦
«አፍህን ከፈት አድርገህ አሽትት፤ አትቸኩል፤ አዙረው፤
ምላስህ ሥር ትንሽ ይተኛ፤ ከዚያ ነው የሚናገረው።»

ሀ።
የተቆላ ገብስ። ኋላ ላይ የብርቱካን ልጣጭ።
ትንሽ ያቃጥላል፤ ግን እንደ ወንድም ቁጣ፣
ቶሎ ይበርዳል።

ለ።
ጭስ። የእርጥብ አፈር ጭስ፣ የፋሻ፣ የአዮዲን።
አስረስ፦ «ሶሮቃ፣ ድንገተኛ ክፍል፣
ክንዴ የተሰበረ ለታ።»
ሳቅን። ግን ደግሞ ቀዳ።

ሐ።
ማር፤ ዘቢብ፤ አዲስ የተላገ እንጨት።
ሲወርድ ሐር ነው። ከዚያ ምንም።
እንደ ጥሩ ተናጋሪ፣
ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ የማይታወስ።

ደብተሩ ላይ ከአሥር ሰጠን፦ ለሀ ስምንት፣
ለለ ስድስት ተኩል፣ ለሐ ሰባት።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ እናኑ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣
«ወንበራችሁ ጣራዬን ፈገፈገው» አሉ።
ቁጭ አላሉም፤ ብርጭቆ አንስተው አሸተቱ፤ ወደ ሌላው ቀጠሉ።
«ይኼ የወጣቶቹ ነው፤ በቆርቆሮ መጠጥ የሚበርዙት፤
ይኼ ጭሳሙ የአጎትዬው፤ ከጠረጴዛ ሥር የሚሸሽጉት፤
ይኼ...» ሦስተኛውን ከአፍንጫቸው ብዙ ሳያርቁት፣
«ይኼ የሙሽራው አባት ነው፤ ለፎቶ የሚከፍቱት።»

ሀያ ሁለት ዓመት በሠርግ አዳራሽ ብርጭቆ አጥበዋል፤
አንድ ጉንጭ ሳይጠጡ ሁሉን በጠረኑ ለይተዋል።

ካልሲዎቹን ገፈፍን። አንዱንም አልሳቱ።
ሀ እዚሁ አገር የተጠመቀው፣ ባለ ሰባ አምስቱ!
ዋጋው ካልሲ ውስጥ ሳለ ምላስ ነበር ዳኛው፤
ካልሲው ሲወልቅ ዋጋው ወግቶን፣ ኪስ ሆነ የሚዳኘው።
ታክለ ሐን ደግሞ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤
«ቆይ፣ አሁን በለስ መጣልኝ» አለ፤ «በለስ... ሰባት ማነሱ ነው።»

«ስንት ገዛችሁት?» አሉ። «ሦስት መቶ ሰማንያ።»
«እንግዲያው የመጣልህ እሱ ነው እንጂ በለስ አይደለም።»
ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ቀስ ብለው፦
«አሥራ አንድ ሰዓት። ከነጓንቱ፣ ከነእግር እብጠቱ።

«ልንገራችሁ፤ ርካሹ ተልሶ ይመጣል፤ የታጠበ ይመስላል፤
ውዱ ግን ግማሹ አይነካም፤ ለእኔ ለመድፋት ይተርፋል።
ስንት ቀን ሥራ ደፋሁ መሰላችሁ በዚያ ጉድጓድ!
የቧንቧው አይጥ ከእኔ ይልቅ ከሀብታም ነው የሚዛመድ።»

ማንም አልሳቀም። እሳቸው ግን ሳቁ።
ከዚያ፣ በሀያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል፣
«ከዚያ ከአባትዬው ቅዱልኝ» አሉ። አንድ ጣት ያህል።
ቆመው ጠጡ፤ በቀስታ፤ እስከ ታች።
ጀንበሩ እስክሪብቶውን ይዞ፦ «ከአሥር ስንት ይሰጡታል?»
ብርጭቆውን በብርሃኑ ትይዩ ዘቅዝቀው አሳዩት።

ወጥ ቤት ውኃ ሲወርድ ሰማን።
ብርጭቋቸውን አጥበው ነው የወጡት፤ ልማድ ሆኖ።

ደብተሩ ዛሬም አለ። በሐ ረድፍ፣
በአራታችን ቁጥር ሥር፣ በጀንበሩ እጅ፦
«እናኑ፦ አልተረፈም።»

የዚያን ሌሊት እስክንለያይ
ወንበር ያንቀሳቀሰ ሁሉ
በሁለት እጁ አንስቶ ነው።